ቆማ የቀረችው

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ "ይግባ" በሉኝ። በሩ ሥር ያላችሁት አልተሰማችሁም፤ ድገሙት። እሺ፣ ይኸው ገባ።

ድሮ፣ ሰውም ዕቃም፣ ቅጠልም ነፋስም አንድ ቋንቋ በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ደጋ መንደር የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢምረው ይባላል። ልጆቻቸውን ድረው ጨርሰው ሁለቱ ብቻ ቀርተው ነበር። የቀራቸውም አንድ ቤት፣ አንድ ጓሮና አንድ የማያልቅ ክርክር ነው። ቢምረው "ጓሮ ማለት የሚበላ ነው" ይላል። የውብዳር "የሚታይም ነው" ትላለች። "የሚታይ ነገር ሆድ ይሞላል?" ይላል እሱ። "ዓይንስ አይርበውም?" ትላለች እሷ። እንዲህ ሲባባሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ጓሮው ግን ሠላሳውንም ዓመት የጎመን ነበር።

አንድ ሰኔ ላይ ታላቅ እህቷ አትጠገብ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ ልትጠይቃት መጣች። ሰንብታ ልትሄድ ስትል፣ በቅሎዋ ተጭና በር ላይ ቆማ ሳለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ከቋጠሮው የሸሚዝ ቁልፍ የመሰለች ጠፍጣፋ ዘር ወጣች። አንዲት ብቻ።

"እንኪ" አለቻት። "ፈረንጆቹ ሆሊሆክ ይሏታል አሉ። ከሰው ቁመት በላይ የምትሄድ አበባ ናት። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ዝሪያት። አንዴ ከዘራሻት አትነካኪያት።"

"መቼ ታብባለች?"

"ለመስከረም" አለች አትጠገብ፣ እግሯን እርካብ ውስጥ እያስገባች።

የትኛው መስከረም እንደሆነ አልተናገረችም። የውብዳርም አልጠየቀችም። የዚህ ተረት ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህች ካልተጠየቀች ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን በቅሎዋን ልጓሟን ይዤ እጠይቅ ነበር፤ ግን እኔ እዚያ አልነበርኩም።

የውብዳር ዘሯን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ዘራቻት። ዝናቡ ዘነበ፤ ዘሯም አፈሩን ገፍታ ብቅ አለች። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው። ጭቃው የተሰነጣጠቀ፣ ክዳኑ ወደ ፊት ያዘነበለበት ሽማግሌ ግድግዳ ነበር።

"እንኳን ደህና መጣሽ እንግዳዬ" አላት። "ጀርባሽን ለእኔ ስጪኝ። ፊትሽን ለፀሐይ ስጪ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።"

"እሺ አባባ ግድግዳ" አለች እንግዳዋ።

ቀጥሎ ያየችው ጎመንን ነው። እመት ጎመን ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ሞልታ፣ ቅጠሏን ዘርግታ፣ እመቤት ነኝ ብላ ተቀምጣለች።

"አንቺ ማነሽ?" አለች ጎመን።

"አላውቅም። ገና መምጣቴ ነው።"

"ሰው ይበላሻል?"

"አላውቅም።"

"ትሸቺያለሽ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"እንግዲያው ምን ልትሠሪ መጣሽ?" አለችና ፊቷን አዞረች።

የውብዳር ግን ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ምንጭ ልትወርድ፣ ገበያ ልትሄድ፣ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች "ለመስከረም ከአጥሬ በላይ የሚታይ አበባ ታያላችሁ!" አለች። መንደሩ ሁሉ ሰማ። በተለይ ጎረቤቷ ጌጤ በደንብ ሰማች፤ ጌጤ እንዲህ ያለ ነገር አትረሳም።

ጠዋት ጠዋት የውብዳር ወደ ግድግዳው ሥር እየመጣች ታጎነብሳለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?" ትላታለች።

"እየወረድኩ ነው እሜቴ።"

"መውጣት ነው እንጂ የምፈልገው፣ መውረድማ ምን ያደርግልኛል!"

"እኔም አላውቅም። ብቻ እየወረድኩ ነው።"

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። መስኩ ሁሉ ቢጫ ሆነ። እንግዳዋ ግን ሰባት ሰፋፊ ቅጠል ይዛ መሬት ላይ እንደተዘረጋች ነበር። ግንድ የላትም። እምቡጥ የላትም። የእንቁጣጣሽ ዕለት ሴቶቹ እንኳን አደረሰሽ ሊሉ ተሰብስበው መጡ፤ ጌጤ ከፊት ናት። አጥሩን ወደ ላይ አየች፣ ግድግዳውን ወደ ታች አየች።

"ድንቄም አበባ!" አለች። "የውብዳር፣ ይሄ እኮ ጎመን ነው!"

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የውብዳርም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንግዳዋ ይህን ሁሉ ከሥር ሆና አየች። አፈረች። እሷ ብቻ ብታፍር ግድ አልነበራትም፤ የከፋት በእሷ ምክንያት የእመቤቷ ዓይን እንባ ማቅረሩ ነው።

ቢምረው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሰማው፤ "ጎመን" የምትለዋን። በማግስቱ ሚስቱ ከቤት ስትወጣ ጠብቆ፣ ከእንግዳዋ ሰባት ቅጠል አራቱን ቀጥፎ፣ ከትፎ፣ ድስት ውስጥ ጨመራቸው። ጎመን ከሌለ ምድጃ አይጠጋም፤ ካለ ግን ማንንም አይጠብቅም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሳ ወጡ ከሳህኑ እስከ አፉ ተዝለገለገ። ሁለተኛውን ሲያነሳ እስከ ጺሙ። ሦስተኛውን አላነሳም።

"አንቺ ሴት!" ብሎ ጮኸ የውብዳር ስትገባ። "ይሄ አበባ ያልሽው ጎመንም አይደለም!"

"ቅጠሏን በላሃት?"

"አልበላኋትም፤ እሷ ናት ልትበላኝ የነበረችው!"

ያን ቀን ክርክሩ ከሠላሳ ዓመት ክርክር ሁሉ ከፋ። በመጨረሻ ቢምረው ከግድግዳው ሥር መጥቶ ዶማውን በእጁ ይዞ ቆመ።

"የት ልቆፍር?" አለ ዶማው። ዶማ ሌላ ጨዋታ አያውቅም።

"ቆይ" አለው ቢምረው። "የውብዳር፣ አይታይም፣ አይበላም። ቦታውን ጎመን ብተክልበት የዓመት ምሳችን ነው።"

"አንድ ዓመት ስጠኝ" አለች የውብዳር። "እስከሚመጣው መስከረም። ያኔ ካላበበች በገዛ እጄ እነቅላታለሁ።"

"በገዛ እጅሽ?"

"በገዛ እጄ። ሁለተኛም በዚህ ጓሮ ስለ አበባ ትንፍሽ አልልም።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እንግዳዋም ሰማች። እንግዲህ አንድ መስከረም ቀርቷታል፤ ያም ካለፈ እሷ ትነቀላለች፣ እመቤቷም እስከ ዕድሜዋ ዳርቻ ጎመን ስታይ ትኖራለች።

"ቆሞ ቀር!" አለች ጎመን ከወዲያ ማዶ። "እኩዮችሽ ሁሉ አብበው፣ አምረው፣ ተዳሩ። አንቺ እዚያው ግድግዳ ታከሽ ቆመሽ ቀረሽ። ቆሞ ቀር!"

ይህች ቃል እንዴት እንደምታቃጥል የተባለ ያውቃታል። እንግዳዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። "አባባ ግድግዳ፣ እውነት ቆሞ ቀር ነኝ?" ብላ ብቻ ጠየቀች።

"እኔ መቶ ዓመት ቆሜአለሁ" አላት ግድግዳው። "መቆም ነውር ሲሆን አላየሁም። ሥራሽን ሥሪ።"

በጋው ገባ። ጎመን ግን ያ አንድ ዓመት ዕንቅልፍ ነሣት። መቼም ክፉ ሰው ሌላው ሲታገሥ አይወድም። ዓመቱ ሳይሞላ እንግዳዋን ላጥፋት ብላ አሰበች። የውብዳር ልታጠጣ ስትመጣ ድምፅዋን አለሳለሰች።

"እሜቴ፣ ያቺ ምስኪን እኮ ታሳዝናለች" አለች። "ግድግዳው እሳት ነው፣ ፊቷን ለበለባት። ቆፍረሽ ወደ እኔ፣ ወደ ውሃው ዳር አምጪያት። እኔ አቅፌ አሳድጋታለሁ።"

የውብዳር ልቧ ሩኅሩኅ ነውና አመነች። የእህቷን "አትነካኪያት" ረስታ ዶማውን አመጣች።

"የት ልቆፍር?" አለ ዶማው።

"እዚህ፣ ዙሪያዋን።"

"እሜቴ፣ እባክሽን!" አለች እንግዳዋ። "ሥሬ አንድ ነው። ከተቆረጠ ሌላ የለኝም።"

"ፈርታ ነው፣ ልጅ ስለሆነች ነው" አለች ጎመን።

ዶማው ወደ ላይ ወጣ። ያኔ ሽማግሌው ግድግዳ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ሆን ብሎ ከደረቱ አንድ ትልቅ የጭቃ ልጣጭ ጣለ። ልጣጩ ዶማው ላይ ወርዶ ዱብ አለ።

"የውብዳር!" አለ ግድግዳው። "መጀመሪያ በጣትሽ ጫሪና እዪ። ከዚያ ትቆፍሪያለሽ።"

የውብዳር ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫረች። የእንግዳዋ ሥር አውራ ጣት አክሎ ወደ ታች ወርዷል። አንድ ስንዝር ጫረች፣ አላለቀም። ሁለት ስንዝር ጫረች፣ አላለቀም። ሦስተኛውን ስትጀምር ቆመችና አፈሩን በሁለት እጇ መልሳ አለበሰቻት።

"ለካ እውነትሽን ነው" አለች። "ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስትወርጂ ነበር! ቤትሽን ከታች ጀምረሽ ስትሠሪ እኔ ከላይ ጣሪያ እፈልጋለሁ።"

ዶማውም እየተነጫነጨ ወደ ጎጆው ተመለሰ። በዚያ በጋ ምንጩ ቀነሰ፣ ጎመንም በቀትር ጆሮዋ ተንጠለጠለ። እንግዳዋ ግን ጎመን ከማትደርስበት ጥልቅ እርጥበት እየጠጣች አዲስ ቅጠል በአዲስ ቅጠል ላይ ጨመረች።

"ቢሆንም ቆሞ ቀር ነሽ" አለቻት ጎመን፣ ጉሮሮዋ ደርቆ።

ግንቦት ሲገባ ጎመን ሁለተኛ ዘዴ አመጣች። ውሃ የሚቀዳበትን ቅል ጠራችው። ቅል ሆዱ ትልቅ ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል።

"አንተ ጌታ ቅል" አለችው። "ያቺ ልጅ ሁልጊዜ እግሯን ብቻ ትታጠባለች። ምናለ ፊቷንም ብታጥባት? ማታ ማታ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከራሷ ላይ አፍስስባት። ታመሰግንሃለች።"

"እውነትሽን ነው!" አለ ቅል። ከዚያ ወዲያ የውብዳርን "ከፍ አድርገሽ ካልያዝሽኝ አልፈስም" እያለ አስቸገራት፤ እሷም ደክሟት ስትተወው፣ በየምሽቱ ውሃውን ከቅጠሎቹ ላይ ያወርደው ጀመር። ቅጠሎቹ እርጥብ ሆነው ያድራሉ።

እርጥብ ቅጠል ባለበት ዋግ አይጠፋም። ዋግን ታውቁታላችሁ፤ ስንዴ የሚያቀላው፣ ዱቄት የመሰለ ካባ ለብሶ በነፋስ ተሳፍሮ የሚዞረው ነው። ድምፁ ትሑት ነው።

"ደክሞኝ ነው" አለ ዋግ። "ከታችኛዋ ቅጠልሽ ጀርባ ትንሽ ልረፍ? አላስቸግርም።"

እንግዳዋ መቸም ራሷ እንግዳ ሆና ስትመጣ ተቀብለዋታልና እንግዳ መመለስ ነውር መሰላት። "ግባ" አለችው። እዚህ ላይ እኔም አልፈርድባትም፤ ደጅ ለመጣ ሰው በር አለመዝጋት ያደግንበት ነው። ዋግ ግን አንድ ሆኖ ገብቶ በሦስተኛው ቀን ሺህ ሆነ። የታችኛዎቹ ቅጠሎች ጀርባቸው በቀይ ነጠብጣብ ተሞላ። ደረቁ። በሽታውም ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

ጌጤ አጥር ላይ ተንጠልጥላ አየች። "ይህች ነገር ለምጽ ወጣባት! ንቀያት የውብዳር፣ መንደሩን ሳትበክል!"

የውብዳር ግራ ገብቷት ቆማ ሳለ ቢምረው በዱላው እየተደገፈ መጣ። እሱማ ደስ ይለዋል ብላ ጠበቀች። ቢምረው አንዲቱን ቅጠል ገልብጦ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጺሙ ቆመ።

"አንተ ነህ?" አለ። "ዋግ! አንተ ሌባ! የዛሬ ስምንት ዓመት ስንዴዬን ከእሸቱ በልተህ ደጄ ላይ ያስለቀስከኝ! ደግሞ ጓሮዬ ድረስ መጣህ?"

ዋግ ከቅጠሉ ጀርባ ይበልጥ ተለጠፈ።

"የውብዳር፣ ነገሩ ከእሱ ጋር ከሆነ እኔ አለሁበት" አለ ቢምረው፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። የታመሙትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ቀጠፈ። አንዲቷን መሬት ላይ አልጣለም። ሁሉንም በቁና ሰብስቦ ከጓሮው አርቆ አቃጠለ። ቅሉን ደግሞ በአንገቱ ይዞ "ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት፣ እግሯ ሥር፣ ዝቅ ብለህ!" አለው። ቅልም "እኔ የነገሩኝን ነው" ብሎ አጉረመረመ።

ሲጨርስ ቢምረው ወደ እንግዳዋ ጎንበስ አለ። "ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ" አላት። "ከዋግ ጋር ቂም ስላለኝ ነው።"

"ቢሆንም እግዜር ይስጥልኝ አያ ቢምረው" አለች እንግዳዋ።

ቢምረው ጺሙን እያሻሸ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ቅጠል እየገለበጠ ሲመረምር ያላየው ሰው የለም። ሚስቱ ስትመጣበት ጎመን የሚያይ ይመስላል።

ሰኔ መጣ፣ ሐምሌም ገባ። አንድ ጠዋት የውብዳር እንደልማዷ አጎነበሰች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እሜቴ" አለች እንግዳዋ፣ "ዛሬ እየወጣሁ ነው!"

እውነትም ከቅጠሎቹ መሀል ግንድ ብቅ ብሏል። በሳምንቱ ጉልበት ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ወገብ ደረሰ። በነሐሴ አጋማሽ አጥሩን አልፎ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከእግሩ እስከ ጫፉም እምቡጥ ነው፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ጭብጥ ያለ። የውብዳር ምንም አላለችም፤ አምና ያወራችው ይበቃታል። ቢምረው ደግሞ ምንም እንዳላየ ሰው ከጎኗ ቆሞ ይለካል።

ጎመን ሦስተኛውን ዘዴ አወጣች። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ምስጋና ነበር።

"እኔ እኮ ተሳስቼ ነበር" አለች። "ምን ዓይነት ቁመና ነው! የውብዳር የሸምበቆ ድጋፍ ልታቆምልሽ ነው አሉ። እንዳትቀበዪ። የሚደገፍ ሽባ ነው። መንደሩ ሁሉ የሚያይሽ አንቺ በሸምበቆ ልትታሰሪ?"

እንግዳዋ ያን ሁሉ ስድብ ችላ ነበር። ሙገሳውን ግን መቻል አቃታት። የውብዳር ሸምበቆ ይዛ ስትመጣ "አልፈልግም" አለች። በማግስቱ ስትመጣም "ራሴን ችያለሁ" አለች። ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልሰማችውም።

ጳጉሜ በገባ በሁለተኛው ቀን ነፋስ ከተራራው ወረደ። ይህ ዝም ብሎ ሊጫወት የመጣ ነፋስ ነበር። ግንዷን ወዲህ ገፋት፣ ወዲያ ገፋት፣ ሦስተኛ ሲገፋት ጎንበስ ብላ ቀረች። ሥሯ ያዛት እንጂ ግንዷ መመለስ አልቻለም። እምቡጦቿ ወደ መሬት ሆኑ። "ወንድሞቼን ይዤ ደግሜ እመጣለሁ" ብሏት ሄደ። ለመስከረም ገና ሦስት ቀን ይቀራል።

"አባባ ግድግዳ፣ ተዋረድኩ" አለች እያለቀሰች። "ራሴን ችያለሁ ብዬ ነበር።"

ግድግዳው ሳይመልስ የቢምረው ዱላ ድምፅ ተሰማ። ቀጥ ብሎ መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ።

"አንቺ ልጅ" አላት። "እኔን እዪኝ። ሰባ ዓመቴ ነው። ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ጫካ መንጥሬአለሁ። ያለዚህ ዱላ ግን ከበር አልወጣም። ወንድነቴ የቀነሰ ይመስልሻል?"

"አይመስለኝም አያ ቢምረው።"

"እንግዲያው ዝም ብለሽ ቁሚ።"

ብሎ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ፤ የገዛ ምርኩዙን፣ የወይራውን። በድንጋይ መትቶ አጠለቀው። የውብዳርም ሮጣ መጥታ፣ የነጠላዋን ጫፍ ቀደደችና ግንዷን ከዱላው ጋር አሰረች።

"ልል አድርጊው" አላት ቢምረው። "እንድትወዛወዝ እንጂ እንድትታነቅ አይደለም።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አበባ የምታውቀው?"

"በቀልድሽ በረዶ እንዳትጠሪብን አንቺ ሴት፣ ተዪና እሰሪ።"

እውነትም በረዶ ተጠራ። የጳጉሜ የመጨረሻው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋስ ወንድሞቹን ሁሉ ይዞ መጣ። ከኋላቸው በረዶ ወረደ፤ አንዱ ፍሬ የባቄላ ያህል ነው። ቢምረውና የውብዳር በሩ ላይ ቆመው እየተመለከቱ ምንም ማድረግ አልቻሉም። የጎመን ቅጠል እንደ ወንፊት ተበሳ። አጥሩ ወደቀ። የጌጤ የበቆሎ ማሳ ተኛ።

"ጀርባሽን ለእኔ!" ብሎ ጮኸ ግድግዳው። "ክዳኔ በላይሽ ነው፤ በረዶው ለእኔ ነው! ነፋሱን አንቺ ያዢው!"

"ይዤዋለሁ!" አለች እንግዳዋ። ነፋስ ወዲህ ገፋት፤ ዱላው መለሳት። ወዲያ ገፋት፤ የነጠላው ቁራጭ መለሳት። ከሥሯ ሊመነግላት ታች ድረስ ገብቶ ጎተታት፤ ያኔ የወረደችበትን ሁሉ አገኘው፣ ሁለት ክረምት ወደ ታች የሠራችውን ቤት። ጎተተ፣ ጎተተ፣ እስኪደክመው ጎተተ። ማታ ሳይመሽ ነፋስ ትንፋሹ አልቆ ወደ ተራራው ተመለሰ።

መስከረም አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። በመንደሩ ሁሉም ነገር ወድቋል፤ አጥሩም በቆሎውም ተኝቷል፣ የመስኩም አበባ ረግፏል። ሴቶቹ እንኳን አደረሰሽ ሊሉ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ መጡ። ጌጤ ዘንድሮም ከፊት ናት። አጥር ስለሌለ ወደ ጓሮው ቀጥ ብለው አዩ። ሁሉም ቆሙ።

ከግድግዳው ሥር፣ ከክዳኑ ጫፍ ልትደርስ ጥቂት የቀራት፣ የጠጅ ብርሌ አፍ የሚያህሉ ደማቅ ቀይ አበቦች ከእግር ወደ ላይ ተራ በተራ የከፈተች አንዲት አበባ ቆማለች። ታችኛዎቹ ቅጠሎቿ ተቀዳደዋል። በወገቧ የነጠላ መቀነት ታጥቃለች። ንቦች ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው የመንደሩ ንብ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ጌጤ ምን እንደምትል ሳታስበው፣ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

"እናንተ ሰዎች! ሁሉም ወድቆ እሷ ብቻ ቆማ ቀረች!"

"ቆማ ቀረች!" አሉ ሴቶቹ። "ቆማ ቀረች!" እያሉ እልል አሉ። ከመንገዱ የሰሙት ሁሉ "ማን ነው ቆማ የቀረችው?" እያሉ ተሰበሰቡ። ጎመን የተበሳሳ ቅጠሏን ሸፍና ትሰማለች። ዓመት ሙሉ ስትወረውራት የኖረችው ስድብ ናት፤ አሁን መንደሩ በእልልታ ይዘፍናታል።

የውብዳር ዘንድሮ በደንብ አለቀሰች፤ ማንም አልሳቀባትም።

በሦስተኛው ቀን አትጠገብ በበቅሎዋ መጣች። አበባዪቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ልክ በጊዜዋ" አለች።

"በጊዜዋ?" አለች የውብዳር። "ለመስከረም ብለሽኝ አምና ተዋርጄ አልነበረም!"

"ታዲያ ይሄ መስከረም አይደለም እንዴ?" አለች አትጠገብ። "የመጀመሪያውማ የሥር ነው። የትኛው መስከረም ብለሽ መቼ ጠየቅሽኝ?"

ቢምረው እስኪያስለው ሳቀ። ያን ወር ሙሉ በሚስቱ ትከሻ ላይ ተደግፎ ነበር የሚሄደው፤ ዱላው ሥራ ላይ ነውና። "ዱላህስ?" ሲሉት "ከእኔ የባሰባት ይዛዋለች" ይላል፤ ደረቱን ነፍቶ።

አበባው ሲረግፍ በቦታው ክብ ክብ ፍሬ ቀረ፤ እያንዳንዱ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የመሰሉ ዘሮች ተደርድረዋል። መጀመሪያ ዘር የለመነችው ጌጤ ናት። "ስሟ ማን ነው?" አለች።

"ቆማ ቀረች ነው የምትባለው" አላት ቢምረው። "ስሙን ያወጣሽላት አንቺ አይደለሽም?"

ያን ጊዜ ጎመን አንገቷን ደፍታ፣ "አስነቅለሽ ታስጥይኛለሽ አይደል?" አለቻት አበባዪቱን።

"ለምን ብዬ?" አለች ቆማ ቀረች። "ግንድሽ ደህና ነው፣ መልሰሽ ታቆጠቁጫለሽ። በቀትር ጥላዬ ይደርስሻል።" እኔ ብሆን እንዲህ በቀላሉ አልለቃትም ነበር። እሷ ግን ሥሯ ጥልቅ ስለሆነ ልቧም እንደዚያው ነው።

ዝናቡ ሲመለስ ቢምረው ዶማውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

"የት ልቆፍር?" አለ ዶማው፣ ሦስተኛ ጊዜ።

ቢምረው መዳፉን ገለጠ። ዘር ሞልቶበታል። "ግድግዳውን ዙሪያውን" አለው። "ሙሉውን ዙሪያ። ግን ጥልቅ አታድርገው፤ መውረዱን እነሱ ያውቁበታል።"

እናንተም፣ ጎረቤት ሆነ ልጅ፣ ገና ቅጠል ብቻ የሆነ ሰው ስታዩ፣ የትኛው መስከረም እንደሆነ ሳትጠይቁ ዶማ አታንሡ።

ተረቴን ዝሩልኝ፣ ጉሮሮዬን አርጥቡልኝ፤ ውሃውን ግን አደራ፣ ራሴ ላይ እንዳታፈሱት።